ሳማ በዮአኒና

ከአቴንስ እስከ ዮአኒና በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መንገዱ እ.አ.አ. በ2004 የተከፈተውን የሪዮ አንቲሪዮ የባሕር ድልድይ ተሻግሮ ወደ ኤፒሮስ ተራሮች ይዘልቃል። ከተማዋ ሐይቅ ዳር ናት። ልጄ እዚያ አንዲት የ87 ዓመት አሮጊት ታስታምማለች። ሰፈርተኛው «ያያ» ይላቸዋል፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። የደረስኩት በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነበር። ፋሲካችን ከግሪኮቹ ጋር በአንድ ቀን ስለዋለ ጾሙን አብረን ፈተናል።

በማግስቱ ያያ ቅርጫትና ጓንት ሰጡኝ። ጓንቱን ሳይ ገባኝ፤ ሳማ ልንለቅም ነው። ኤፒሮስ የእረኞች አገር ነው፤ የሜዳ ቅጠል ከአይብ ጋር በስስ ቂጣ መሐል አድርጎ መጋገር የቆየ ልማዳቸው ነው። «ፒታ» ይሉታል።

እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በ1977 ዓ.ም. ገና ጀማሪ ነርስ ሳለሁ ወሎ ውስጥ አንድ መጠለያ ተመድቤ ነበር። እናቶች ከየአጥሩ ሥር የለቀሙትን ሳማ ያለ ጨው ሲቀቅሉ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳማ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ግን ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም።

ልጄ ብቻዋን ለቅማ መጣች። እኔ ሊጡን ያዝኩ፦ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ ጨው፣ ሁለት ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ለብ ያለ ውሃ። ከታሸ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ያያ በቀጭን ዘንግ ሲዳምጡት እጃቸው ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ሳሳ። የእኔ ሦስት ቦታ ተቀደደ። ከሥር የሚውል ከሆነ ቀዳዳው አይጎዳም አሉኝ። ሳማው የፈላ ውሃ ሲነካው መለብለቡን ይተዋል። በደንብ መጨመቅ አለበት፣ አለዚያ ቂጣው ይላቁጣል። ከባሮ ሽንኩርት፣ ከእንስላል፣ ከሁለት እንቁላልና ከተፈረፈረ ፌታ ጋር ይደባለቃል። ፌታ የበግ ወተት አይብ ነው፤ የፍየል ወተት ቢገባበት ከ30 በመቶ አይበልጥም። በጨው ውሃ ስለሚቀመጥ የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ቢዘፈዝፈው ይሻላል። አገር ቤት ከሆነ ቆስጣና የተጨመቀ የእኛ አይብ ይበቃል፤ ጨው ብቻ ይጨመርበት።

ቂጣው ከሥርም ከላይም በየንጣፉ ዘይት እየተቀባ ይደረደራል፤ ሳይጋገር በቢላ ይሰነጠቃል። በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ድሮ የብረት ክዳን ደፍተው ክዳኑ ላይ ፍም ይከምሩበት ነበር፤ ድፏችን ከላይም ከታችም እሳት እንደሚነድለት ሁሉ።

እስኪበስል ያያ ሳማውን ለምን እንደሸሸሁ ጠየቁኝ። ለካ አይተውኝ ኖሯል። ነገርኳቸው፤ ልጄ ታስተረጉማለች። መሐል ላይ ዝም አለች። ይህን ታሪክ እሷም ገና መስማቷ ነበር። «እማዬ፣ ቀጥዪ» አለችኝ በኋላ፣ ድምጿ ተለውጦ። ያያ ሰምተው ሲጨርሱ በጀርመን ወረራ ጊዜ፣ ሕፃን ሳሉ፣ እናታቸው በዚሁ ቅጠል እንዳሳደጓቸው ነገሩን። ያኔ አይብ አልነበረም፣ ዱቄትም አልነበረም።

የጥጉን፣ ጠርዙ ደርቆ የሚንኮሻኮሸውን ቁራሽ ለእኔ ቆረጡልኝ። በላሁ። ሁለተኛም ደገምኩ።

«ጨው በዝቶበታል በያቸው» አልኳት ልጄን።

«እሱን አላስተረጉምም» አለችኝ።