ስምንት ዳይስ እሳት

አንባቢ ሆይ! ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት የሞላ፥ ኮሌጅ ገብቶ የወጣ፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምር ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎቹ ጋራ ተቀምጦ የሉዶ ዳይስ ሲወረውር ብታገኘው ምን ትለዋለህ? «ሥራ ፈት» ሳትለው አትቀርም። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ብትለኝም አልቀየምህም። ነገር ግን ፍርድህን ከመስጠትህ በፊት በዚህ ጨዋታ ላይ ስለ ገጠመኝ አንድ ችግር ላጫውትህ፤ ችግሩም እሳት ነው።

የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ላፍቶ ሰፈር፥ በአንድ ግቢ ጥግ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፥ ኳስ ሜዳውም ጭቃ ሆኖ፥ ከማስተምራቸው ልጆች አምስቱ መዋያ ቢያጡ ወደኔ መምጣት ጀመሩ። ሦስቱ ወንዶች፥ ሁለቱ ሴቶች ናቸው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ አጫዋች ይሆንና አገሩን፥ ዋሻውን፥ ሽፍታውንና ዘንዶውን በቃሉ ይተርካል። ሌሎቹ አንዱ ጎራዴ ያዥ፥ አንዱ ቀስተኛ፥ አንዱ አስማተኛ እየሆኑ «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ እንደሆነ ዳይሱ ይወስናል። ይህ ዓይነቱ ጨዋታ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ሲሆን፥ ያዘጋጁትም ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ ስሙ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። እኛም ደንቡን በስልክ ላይ እያነበብን፥ የጎደለንን በራሳችን እየሞላን፥ አገሩን ግን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጣና ዳር አዛውረን ተጫወትነው።

በኛ ደንብ ጎራዴ የያዘ ሰው አንድ ዳይስ ይጥላል። ቢቀናው 6፥ ባይቀናው 1 ጉዳት ያደርሳል። አስማተኛው ግን የእሳት ኳስ የሚባል አስማት አለው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ዕትም እንደቀዳነው ስምንት ዳይስ ይጥላል፤ ይህም በአማካይ 28 ይሆናል። ጉዳቱ በ6 ሜትር ዙሪያ ያለውን ሁሉ ያገኛል፤ ፈጥኖ ያመለጠ እንኳ ግማሹን ይቀምሳል። አንድ ተራ ሽፍታ ደግሞ የሕይወት ነጥቡ 7 ብቻ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን አንተው አስላው።

አስማተኛው ልጅ በክፍል ውስጥ ዝምተኛ ነው። በጨዋታ ጊዜ ግን ገና ሽፍታው ሰላምታ ሳይሰጥ «እሳት!» ይላል። ጓደኞቹ «አቃጥለው! አቃጥለው!» እያሉ ይጮኻሉ። አንድ ቀን ይህን ጩኸት የሰሙት አከራዬ እማማ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው ጫማቸውን ሳያደርጉ ደረሱ። የሚቃጠለው የወረቀት ዘንዶ መሆኑን ሲያዩ የተናገሩኝን በመጽሔት ላይ ላሰፍረው አልችልም።

የሆነ ሆኖ ጎራዴ ያዧና ቀስተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልካች ሆነው ቀሩ። አንዱ ስልኩን ይነካካል፤ አንዷ ታዛጋለች። ስለዚህ እሳቱን ላመጣጥን ተነሣሁ። መጀመሪያ ስምንቱን ዳይስ ወደ አራት አወረድኩት፤ ልጁ «ቲቸር፥ ማርክ ቀነሱብኝ» ብሎ አኮረፈ፤ እውነቱንም ነበር። ቀጥሎ የሚገጥማቸውን አውሬ ሁሉ እሳት የማይበላው አደረግሁት። ይህም የባሰ ሆነ። እርጥብ ማገዶ ፊት ክብሪት እንደ መጫር ያለ ነገር ነው፤ ማንም አይደሰትበትም።

አንድ ቅዳሜ ሽፍቶች በሣር ክዳን መንደር ውስጥ መሸጉ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ስምንቱን ዳይስ መልሼለት ነበር። ልጁ ወረወረ፤ 31 ወጣ። ሽፍቶቹ በሙሉ አለቁ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጎራዴ ያዧ ልጅ ግን አላጨበጨበችም። «ቤቶቹ ውስጥ የነበሩትስ?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። እኔም አጫዋቹ አልመለስኩም፤ በመንደሩ ውስጥ ሰው አላኖርኩበትማ! ኋላ ወደ ቤት ስትሄድ እስከ በሩ ሸኘኋት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የአጎቷ ሱቅ አብሮ መንደዱን ያን ጊዜ ነገረችኝ። አጎቷ በማግስቱ ቁልፉን በኪሱ ይዞ መጣ አለችኝ። በሩ የለም፤ ቁልፉ አለ።

የታሪክ መምህር ነኝና ያን ሌሊት አልተኛሁም ብልህ ማጋነን ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ነገር ግን ጠዋት ስነሣ ያለ ሰው የሠራሁት መንደር በእውነተኛው ደብረ ታቦር አጠገብ መሆኑ ትዝ አለኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይቀሩ ተዘርፈው ነደዱ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ የገዛ ከተማቸውን ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ጋፋት ላይ የተሠራውን፥ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው ወራት ፈጀ። የተቃጠለ አገር ስንቅ አይሰጥም፤ ቤቱ የነደደበት ባላገርም ላቃጠለው ጌታ አይዘምትም። መቅደላ ሲደርሱ የቀራቸው ሠራዊት ከቀድሞው ጋራ ሲነጻጸር እፍኝ ነበረ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ድል አድርገው ሲመለሱ ደግሞ በተራቸው መቅደላን አቃጥለው ሄዱ። እኔ በበኩሌ ቴዎድሮስን ከሚወዱት ወገን ነኝ፤ ሆኖም በዚያ ዘመን ከመድፉ ይልቅ ክብሪቱ የበለጠ ዋጋ አስከፍሏቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ የጨዋታውን ደንብ እንደገና ባነበው እኛ ሁሌ የምንዘላት አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። እሳቱ ሰው ያልለበሰውንና ያልያዘውን ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ ያቀጣጥላል ትላለች። ሁላችንም የምናነበው ዳይሱን ብቻ ነበር። የ1978 እ.ኤ.አ. ዕትምማ ከዚህም ይብሳል፤ በዚያ ደንብ እሳቱ ወደ 930 ኪዩቢክ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ሳይሞላ አይቆምም። ይህ እንደኔ ግምት አምስት የመማሪያ ክፍል ያህል ነው። ስለዚህ በጠባብ ዋሻ ውስጥ የወረወረው አስማተኛ እሳቱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ራሱን ይለበልበዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው ዕትም ይህን ተዉት። ሒሳቡ ስለሚያስቸግር ይመስለኛል፤ ቢሆንም መተዋቸው አስቆጭቶኛል።

እንግዲህ እኔ ቁጥሩን አልነካሁትም፤ ስምንቱ ዳይስ ስምንት ሆኖ ቀረ። የጨመርኩት ነገር ቢኖር እሳቱ ከተወረወረ በኋላ የራሱ ተራ እንዲኖረው ነው። በየዙሩ ለአጠገቡ ሣር ቤት አንድ ዳይስ ይጣልለታል፤ እስከ 3 ከወጣ ቤቱ ይያያዛል። ነፋስ ከነፈሰበት እስከ 5 ይሆናል። የነፋሱንም አቅጣጫ ዳይስ ይወስናል። ክፍለ ከተማችን የስሙን መጀመሪያ ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር ከሚሠራው የጥንት ስልክ ስለሆነ ልጆቹ ይህን ደንብ «ንፋስ ስልክ» አሉት። የመንደሩ ጎተራ ከነደደ ተጫዋቾቹ ስንቅ አያገኙም፤ ወሬው የደረሰበት ቀጣዩም መንደር በር ይዘጋባቸዋል። በየቤቱም ሰው አኖርኩበት፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ወረቀት ፈጀብኝ።

አስማተኛው ልጅ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እሳት አልወረወረም። እንዳላኮርፍ ብሎ ነው ብዬ ሠጋሁ። በሦስተኛው ሽፍቶቹ ከወንዝ ማዶ በደረቀ ሣር ውስጥ አድብተው ተገኙ። ዳይሶቹን ሰበሰበ፤ በእጁም አንኳኳቸውና «ቲቸር፥ ነፋሱ ወዴት ነው?» አለኝ። ከዚያን ቀን በፊት ይህን የጠየቀኝ የለም። ዳይሱን ጣልኩ፤ ወደነሱ ሆነ። ልጁ ስምንቱን ዳይስ ወደ ኪሱ መለሰና ቀስተኛውን «አንተ ቅደም» አለው። ቀስተኛው ስልኩን ለማስቀመጥ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ በጉልበቱ ላይ ጣለውና ተነሣ።

ጎራዴ ያዧ ግን ጎራዴዋን ትታለች። በጨዋታው ውስጥ እንስራ የተሸከመች ሴት ልሁን ብላ ለመነችኝ፤ ፈቀድኩላት። አሁን የቀረን ጠብ ይህ ነው፦ ውሃ የያዘ አንድ ሰው በአንድ ዙር ስንት ቤት ያድናል? እኔ አንድ አልኩ። እሷ ጎረቤት ካለ ሁለት ነው ትላለች። ነገሩን ለእማማ ብናቀርበው ባልዲው ስንት ሊትር እንደሚይዝና ቧንቧው ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቁን፤ ያንን ደግሞ ከመካከላችን ያሰበበት አልነበረም። ለመጪው ቅዳሜ አሳድረነዋል።