ከ«ቱ» በኋላ ያለው ማን ነው?

ሴኡል በተማርኩባቸው ዓመታት እንግሊዝኛ ለማስተማር መቀጠር አልችልም ነበር። ደቡብ ኮሪያ ለውጭ አገር የቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 ቪዛ፣ እንግሊዝኛን በተመለከተ በመሠረቱ የሰባት አገሮች ዜጎች ብቻ የሚያገኙት ነው፦ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ። እኔም ከአንዲት ኮሪያዊት ወዳጄ ጋር ያለ ክፍያ ቋንቋ እለዋወጥ ነበር። እሷ ኮሪያኛ ታስተምረኛለች፤ እኔ ደግሞ ለቶይክ አስጠናታለሁ። ቶይክ ከ990 የሚታረም የእንግሊዝኛ ፈተና ነው፤ እዚያ አገር ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሁሉ ስሙን ያውቀዋል።

አንድ ምሽት «ሪስትሪክት» የሚለው ግስ ላይ ደረስን። የቃላት መጽሐፏ «ጄሃንሃዳ» ብሎ ፈትቶታል፤ መገደብ ማለት ነው። ፍቺውን በቃሏ ይዛዋለች። «አክሰስ ኢዝ ሪስትሪክትድ ቱ ስታፍ» የሚለውን ስታነብ ግን «ሠራተኞች እንዳይገቡ ተከልክለዋል» ብላ ተረዳችው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚገቡት ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው።

አልፈረድኩባትም። ኮሪያኛም እንደ አማርኛ ግሱን የሚያሳርፈው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ «ብቻ» የምንለውን እነሱ «ማን» ብለው ከስሙ ኋላ ይቀጥሉታል (የእኛ ጠያቂው «ማን» አይደለም)። በሁለቱም ቋንቋ የተፈቀደለት ሰው በግልጽ ይነገራል። እንግሊዝኛው ግን «ብቻ»ን አይናገረውም፤ ግሱና «ቱ» ተጋግዘው ይሸከሙታል።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ቪዛው ለሰባት አገሮች ዜጎች «ሪስትሪክትድ» ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት።

«ከ‹ቱ› በኋላ ያሉት እነማን ናቸው?»

«ሰባቱ።»

«ምን ሆኑ?»

«ተከ...» ብላ አቆመች። እስክሪብቶዋን ‹ቱ› ላይ አሳርፋ ቆየች። «ተፈቀደላቸው። ኦኒ፣ ኢትዮጵያ ግን የለችም።»

ኦኒ ማለት ለሴት ታላቅ እህቷ ናት። እስከዚያች ምሽት ያንን የቪዛውን ዐረፍተ ነገር ለማንም አውጥቼ አላውቅም። ያንገበግበኝ ነበር፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ ፓስፖርቴ ብቻ ታይቶ አትችዪም መባሌ። ለእሷ ሳስረዳ ግን የታየኝ ሌላ ነው፦ የተሰናከለችበትን ድንጋይ የማውቀው እንግሊዝኛ የእናቴ ቋንቋ ስላልሆነ ነው። እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው እዚያ ቦታ «ብቻ» መጉደሉን ከቶ ልብ አይለውም።

እሷም ደብተሯን ሳብ አድርጋ የራሷን ጻፈች፦ የምትመኘው የሥራ ቦታ ከ850 በላይ ላመጡ «ሪስትሪክትድ» ነው። «ቱ»ን አስምራባታለች። በመጨረሻው ሙከራ ያገኘችው 790 ነበር፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ገለጥን።