ሳቅ በትእዛዝ

በሳሪስ ቤተሰብ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሲያሰኘው ሳይሆን በዓል ሲያዘው ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፤ ከእነዚህ የተረፈው ደግሞ የልጅ ልደትና የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ካሉት ፎቶ ቤቶች ወደ አንዱ የሚያቀኑትን ቆም ብሎ ላስተዋለ ሰው ትዕይንቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። አባት ሰዓቱን ያያል። እናት ጣቷን በምራቋ አርሳ የልጇን ቅንድብ ታስተካክላለች። ልጁ አዲሱ ጫማ ተረከዙን እየላጠው ያነክሳል። እኅቱን ደግሞ ትናንት ማታ የተሠራችው ሹሩባ ግንባሯን ወደ ላይ ወጥሮ ይዟት፣ ሳትፈልግ የተገረመች መስላለች። እንግዲህ ከአምስት ደቂቃ በኋላ "ሳቁ!" የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

አልብሰን፣ ቅባት ቀብተን፣ ገንዘብ ከፍለን፣ "ምን ጎደለባቸውና ነው የሚያኮርፉት?" እያልን እንበሳጫለን። ሳቅ ግን የታዘዙት ዕለት የሚመጣ ነገር አይደለም። ይህን የምለው ለማስዋብ እንዳይመስላችሁ። ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የሰው ፊት ላይ ኤሌክትሪክ እያስነካ የጡንቻዎችን ሥራ መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 መጽሐፍ አሳትሟል። የከንፈርን ዳርና ዳር የሚስበው ጡንቻ ፈቃዳችንን ይሰማል፤ በዐይናችን ዙሪያ ያለው ግን እሺ የሚለው በአብዛኛው ከልብ ደስ ሲለን ነው። ከፈረንጅ የተዋስነው "ቺዝ በሉ" ጥርስ ይገልጣል እንጂ ዐይን ድረስ አይዘልቅም። አልበሞቻችን ጥርሳቸው እየሣቀ ዐይናቸው "መቼ ነው የምንሄደው?" በሚሉ ልጆች የተሞሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ድሮ እንዲያውም ሳቅ አይጠየቅም ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ በሚያነሣበት ዘመን፣ ካሜራ ፊት መቅረብ ችሎት እንደ መቅረብ ያለ ነገር ነው፤ ሰው ኮስተር ብሎ፣ ካባውን አስተካክሎ ይቆማል። ኮስታራነቱ ከመኳንንቱ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ እኛም ደረሰን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ይዞ ስለሚመጣ ልጅ ዐይኑን ጨፈነ ማለት ብር ጠፋ ማለት ነበር። ከኋላችን በቀለም የተቀባ ፏፏቴ፣ በጎናችን የፕላስቲክ አበባ፣ እጃችን ላይ ከየትም ጋር የማይገናኝ የስልክ እጀታ። "እንዳትንቀሳቀስ! ዐይንህን እንዳትጨፍን!" ይባላል። ከእኛ የሚፈለገው ጸጥታ ነው፤ ጸጥታ ደግሞ በቁጣ ይገኛል። በሳምንቱ ታጥቦ ሲመጣ ሁላችንም አንድ ጥፋት ሠርተን የተያዝን መስለናል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የተሻሉ አልነበሩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካሜራው ሥዕሉን እስኪይዝ ብዙ ሰኮንድ ይፈጅ ስለነበር፣ እናት ከራስ እስከ እግሯ ጨርቅ ተከናንባ፣ ወንበር መስላ ሕፃኗን ከኋላ ጥርቅም አድርጋ ትይዘው ነበር። እነዚያ ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። ሕፃኑ እንደ ልዑል ተቀምጧል፤ ከኋላው ያለው የጨርቅ ክምር እናቱ ናት።

ዛሬ ፊልም የለም። ፎቶ አንሺው አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ሁለት መቶ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ሊያደርግ ይችላል፤ ፏፏቴውም በኮምፒዩተር ስለሚገባ ሳሪስ ላይ የቆመ ልጅ ላሊበላ ወይም ዱባይ ሲደርስ እናያለን። መሣሪያው ይህን ያህል ሲለወጥ፣ ልጁን የምናናግርበት ቋንቋ ግን ከዚያው ከ36ቱ ፊልም ዘመን አልወጣም።

እኅቴ ቤሩት ከሄደች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ልጆቿን በስልክ ታያቸዋለች፤ አሠሪዎቿ ሲተኙና ኔትወርክ ሲገኝ። ባለፈው ጥቅምት ግን "በወረቀት የታጠበ ላኩልኝ" አለች። "ስልክ ባትሪው ያልቃል።" ከሰፈራችን ወደዚያው የምትሄድ ልጅ ስለተገኘች፣ እናቴ፣ እኔና ሁለቱ ልጆች ተያይዘን ወደ ፎቶ ቤት ወጣን። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጁ ስድስት፤ እናቱ ስትሄድ ሁለት ዓመቱ ነበር።

እናቴ መንገዱን ሙሉ አደራዋን ስታስጨብጠው ነበር። "ለእማዬ ትስቅላታለህ፣ እሺ? ካልሣቅህ ታለቅሳለች።" እስቲ አስቡት። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ፣ አንገቱን በሚያንቀው ሸሚዝ፣ ባሕር ማዶ ያለች ሴት ታልቅስ አታልቅስ በእሱ ከንፈር ተንጠልጥሏል። መብራቱ ሲበራ ልጁ የታችኛውን ከንፈሩን ነከሰ። "ሳቅ እንጂ!" ስትለው የበለጠ ነከሰው። እኅቱ ደግሞ የታዘዘችውን ለመፈጸም ያህል ጥርሷን ገልጣ ደርቃ ቀረች።

ፎቶ አንሺው ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ እናቴ ገና ከመግባቷ የቤታችንን ታሪክ ከነቤሩቱ የነገረችው ሰው ነው። ሦስት ጊዜ አነሣ፣ መስተዋቱ ላይ አየና ካሜራውን አወረደ። "እማማ፣ እዚህ ጎረቤት ሻይ ቤት አለ፤ እርስዎ አረፍ ይበሉ፣ እኛ እንመጣለን" ብሎ እናቴን በክብር ሸኛት። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የልጁን የላይኛውን ቁልፍ ፈታለትና ካሜራውን አንገቱ ላይ አጠለቀለት።

"መጀመሪያ አንተ ጋሼን አንሣልኝ። እዚህ ጋ ነው የምትጫነው።"

ልጁ አነሣኝ። መስተዋቱ ላይ ሲያየው አንገቴና ሸሚዜ ብቻ አሉ፤ ጭንቅላት የለኝም። "ጋሼ ራስ የለውም!" አለ። ገና ሳቅ አይባልም፤ ግን ከንፈሩ ከጥርሱ ተላቀቀ። ብልጭ የሚለው መብራት እንደማያቃጥልም በእኔ ላይ ሞክሮ አረጋገጠ።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን መልሶ ወሰደና እንደ ዋዛ "እንቆቅልህ!" አለ።

አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። "ምን አውቅልህ!"

"አንድ ዐይን አለው፣ ያየውን አይረሳም።"

ልጁ ድመት አለ። አይደለም። አንበሳ አለ። አይደለም። እኅቱ መልሱ ገብቷት አፏን በሁለት እጇ አፍና ትንፈራገጣለች።

"እንግዲያው አገር ስጠኝ።"

ልጆች ሲሸነፉ ጎንደርን ይሰጣሉ፣ ጎጃምን ይሰጣሉ፤ ይህ ግን ጥቂት አሰበና "ቤሩትን ሰጠሁህ" አለ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሰውዬው ግን ድምፁን እንኳን ሳይለውጥ ካሜራውን ወደ ዐይኑ አስጠግቶ ቀጠለ፤ "ቤሩት ገብቼ፣ እማዬን አግኝቼ፣ ቡና አስፈልቼ፣ ያንተን ድርሻ ፈንዲሻ አንድ ሳላስቀር ቆርጥሜ..."

"የኔንማ አትበላም!" ብሎ ልጁ ከጣሪያ በላይ ሣቀ። እኅቱም እጇን ከአፏ ላይ አነሣች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሒሳብ ስንከፍል ምስጢሩን ጠየቅሁት። ምስጢር የለውም ብሎ ሣቀብኝና፣ ከሥራው ሦስት እጁ ወላጅን ማራቅ መሆኑን ነገረኝ። ልጅ አንድ አለቃ ይበቃዋል፤ አባት "ቀና በል"፣ እናት "ሳቅ"፣ አክስት "ወደዚህ እይ" ሲሉት ወዴት ይይ? ጠዋት፣ ቁርስ በልተው የመጡ ልጆች ተኝተው ከተቀሰቀሱት ጋር አይወዳደሩም። ጫማው ቤት ውስጥ አስቀድሞ ቢለመድ፣ ሹሩባውም ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቢሠራ ፊት ይፈታል። እንግዳ ፊት የሚፈሩት፣ ሰባትና ስምንት ወር የሞላቸው ሕፃናት ከእናት ጭን ሳይወርዱ ይነሡ፤ ብቻቸውን ሶፋ ላይ ጥሎ መሸሽ ለልቅሶ መጥራት ነው ይላል። ከሁሉ በላይ የሚጠላው ግን "ካስቸገርህ መርፌ ይወጋሃል" የምትለዋን ማስፈራሪያ ነው፤ "እኔን ሐኪም አድርገው ያመጡኝና ከዚያ እንድጫወት ይጠብቃሉ።" ከረሜላም አይወድም። ልጁ ፎቶውን ትቶ ከረሜላውን ሲጠብቅ ይውላል፣ አፉም ይዝረከረካል።

ፎቶው ሲመረጥ እናቴ ተቆጣች። "አፉን እንዲህ በልቅጦ፣ ነጠላው ወድቆ፣ ይኼ ምን ፎቶ ይባላል?" እሷ የወደደችው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱን ነው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው፣ እንደ ጉርድ ፎቶ ፊታቸውን ለመንግሥት የሰጡበትን። አልፈረድኩባትም። ለእሷ ፎቶ ማለት ልጆቹ ንጹሕ፣ የጠገቡና የታረሙ መሆናቸውን ለእናታቸው የምታስረክብበት ደረሰኝ ነው፤ አራት ዓመት ያሳደገች ሴት ይህን ብታሳይ መብቷ ነው። ሁለቱም ታጥበው ተላኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኅቴ ደወለች። ስለ ቀጥ ያለው ምንም አላለችም። "ምን ብላችሁት ነው እንዲህ የሣቀው?" አለች። ልጁ ራሱ ስልኩን ነጥቆ ስለ ፈንዲሻው ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ ነገራት። ዝም ብላ ሰማችውና "አስቀምጥልሃለሁ" አለችው።

እሱ ለራሱ የፈለገው ግን ከሁለቱም አንዱን አይደለም። እኔን ያነሣበትን ነው። እናቴ "ለዚህማ ገንዘብ አይወጣም" ብትልም ታጥቦለታል። አሁን ቡፌው ላይ፣ ከእናቱ ፎቶ አጠገብ፣ ራስ የሌለው ሰው ሸሚዙን ለብሶ ቆሟል፤ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ልጁም "እንቆቅልህ!" ይላል።