ኦስካር ስንት ነው? ከፊልም ሙዚየም እስከ ሊትል ኢትዮጵያ

የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤት እረፍቷ እኔን ልትጠይቅ ሎስ አንጀለስ መጣች። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ «አጎቴ፣ ዝነኛ ሰው የምናየው መቼ ነው?» አለችኝ። እኔ በዚህ ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬ ያየሁት ዝነኛ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም ሱፐርማርኬት ውስጥ አቮካዶ ሲመርጥ ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልመጣልኝም። ስለዚህ ዝነኛ ሰዎችን ትተን ዝነኛ ዕቃዎችን ለማየት ተስማማን።

በዊልሻየር እና በፌርፋክስ መንገዶች መገናኛ ላይ ወርቅማ ምሰሶ ያለው ትልቅ ሕንፃ አለ። የተሠራው በ1939 ሲሆን ድሮ የልብስና የዕቃ መደብር ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2021 ጀምሮ ግን የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ የፊልም ሙዚየም ሆኗል።

ስንገባ መጀመሪያ የተቀበለን ሻርክ ነው። ከተንቀሳቃሽ ደረጃው በላይ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል፤ ርዝመቱ ከ7 ሜትር በላይ ነው። በ1975 «ጆውስ» ለተባለው ፊልም ከተሠሩት ሻርኮች ቅርጽ የወጣ ነው። ሙዚየሙ ከመግባቱ በፊት ግን ለብዙ ዓመታት የአሮጌ መኪና ማከማቻ ግቢ ውስጥ ተጥሎ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው «ቁራሌው» ይባላል። «ይሄ ሻርክ ቁራሌው ወስዶት የተመለሰ ነው» ስላት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ በኋላ ባየችው ዕቃ ሁሉ ላይ «ቁራሌው!» እያለች ሰው እንዲዞርብን አደረገች።

ቀጥሎ ወደ ቀዩ ጫማ ሄድን። በ1939 «የኦዝ ጠንቋይ» ፊልም ላይ ልጅቷ ያደረገችው ነው። የእህቴ ልጅ በ2024 የወጣውን «ዊኪድ» ሦስት ጊዜ ስላየች አስጎብኚዬ ሆነች። «መጽሐፉ ላይ እኮ ጫማው ብርማ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በ1900 በታተመው መጽሐፍ ጫማው የብር ነው። የቀለም ፊልም ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ቀይ ደምቆ ስለሚታይ ቀየሩት።

በመጨረሻ ኦስካር የሚያስይዙበት ክፍል ደረስን። ተጨማሪ ትኬት ከፍላችሁ ትገባላችሁ፤ መድረክ የሚመስል ቦታ ላይ ቆማችሁ ሐውልቱን ትይዛላችሁ፤ ቪዲዮም ትቀረጻላችሁ። ኦስካር ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደ ማቀፍ ነው። የእህቴ ልጅ ሐውልቱን ከፍ አድርጋ እናቷን፣ አባቷን፣ ድመቷንና ዘ ዊኬንድን በእንግሊዝኛ አመሰገነች። ቪዲዮውን ወዲያው አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ላክሁላት።

ከሙዚየሙ ወጥተን በፌርፋክስ መንገድ ወደ ደቡብ በእግር ጀመርን። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተራመዳችሁ ሊትል ኢትዮጵያ ትደርሳላችሁ። ገና ከመነሳታችን፣ ከሙዚየሙ ማዶ ጆኒስ የሚባል አሮጌ ካፌ አየን። በ1998 የወጣው «ዘ ቢግ ሌቦውስኪ» ውስጥ አለ። በ2000 ከተዘጋ በኋላም ፊልም ሲቀረጽበት ቆይቷል። «ቡና የማይፈላበት ካፌ!» አልኳት። «አጎቴ፣ ይሄም ዝነኛ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አነሳች። «እናንተ ትልልቆቹ ዝነኛ ሰው ባያችሁ ቁጥር ለምንድነው ‹ሐበሻ ነው?› የምትሉት?» ልክ ናት። ሩት ነጋ በ2017 ለኦስካር ስትታጭ ቤተሰባችን ፊልሙን ከማየቱ በፊት አባቷ ኢትዮጵያዊ እንደሆኑ፣ እሷም አዲስ አበባ እንደተወለደች ተቀባብሎ ጨርሷል። እኔም ለመከላከል ሞከርኩ። «አሁን በወጣንበት ሙዚየም በ2021 የመክፈቻ በዓሉ ላይ ከተሸለሙት አንዱ ኃይሌ ገሪማ ነበር። የጎንደር ልጅ ነው፤ ፊልም የተማረው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው» አልኳት።

«ዝነኛ ነው?»

እንዴት ብዬ ልመልስላት? በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም ሲጨርስ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አጣ። እሱና ባለቤቱ በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየው። በ2008 «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል ተሸለመ። ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና፣ «እሺ፣ ሐበሻ ነው» አለች። እየቀለደችብኝ ነበር።

በዚህ መሃል የእናቴ የድምፅ መልእክት ደረሰ። «ልጄ፣ አየኋት፤ ታድላ! ምን እንዳለች ግን አልገባኝም። በአማርኛ ትንገረኝ።»

የእህቴ ልጅ ፊቷ ተለወጠ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ስትሄድ የአክስቷ ልጆች አነጋገሯን እየደገሙ ስቀውባት ነበር። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ትሰማለች፣ ትረዳለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«ዘ ዊኬንድ እኮ ስሙ አቤል ተስፋዬ ነው» አልኳት። «ካናዳ ተወልዶ አማርኛውን ያገኘው ቤት ውስጥ ነው፤ አያቱ ናቸው ያሳደጉት። ‹ዘ ሂልስ› የሚለው ዘፈኑ መጨረሻ ላይ አማርኛ አለ።»

«አውቃለሁ። እሱ ግን ዝነኛ ነው። ዝነኛ ከሆንክ ስህተትህም ስታይል ይባላል። እኔ ስሳሳት ግን ይስቃሉ።»

ይህን ያለችው እግረኛ መንገዱን እያየች ነው። «በእሱም ይሳቃል» አልኳት። «በ2025 የተወነበትን ፊልም ሃያስያን ክፉኛ ተችተውታል።» እሷም ፊልሙን አይታው ነበር። «አጎቴ፣ እኔም አልወደድኩትም» አለች፤ ትንሽም ፈገግ አለች። ከዚያ በላይ ምን እንደምላት ስላላወቅሁ ዝም ብለን ሄድን።

ኦሊምፒክ መንገድን ስትሻገሩ የዕጣን ሽታ ይቀበላችኋል። ሊትል ኢትዮጵያ ሰፊ አይደለም፤ ይህን ስም ከከተማው ያገኘው በ2002 ነው። ምግብ ቤቶች፣ የባህል ልብስ መሸጫዎችና የቅመም ሱቆች በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ከአንዱ ምግብ ቤት ገብተን ተቀመጥን። አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» አለች። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ስልኬን አየሁ። «ሽሮ... እባክሽ» አለች ቀስ ብላ። ሽሮው መጣ። ማንም አልሳቀም።

ከምግብ በኋላ ቡና ተፈላ፤ ፋንዲሻም ቀረበ። «እዚህም ሲኒማ ቤት ነው እንዴ?» አለችና አንድ እፍኝ ፋንዲሻ ወሰደች። ከዚያ ድንገት ባዶውን የለስላሳ ጠርሙስ አንስታ፣ «አጎቴ፣ ቅረጸኝ» አለችኝ። ተነሥታም ቆመች።

«እማማ፣ እንደምን ነሽ? ይህን ሽልማት ስለሸጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።»

«ስለሸለማችሁኝ» ለማለት ነበር። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ሳቁ። እሷም ደነገጠች፤ ጠርሙሱን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አደረገች። እኔ ግን ለትኬቱ የከፈልኩት ትዝ አለኝና፣ «አልተሳሳትሽም እኮ፤ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው!» አልኳት። አንዷ ሴትዮ ደግሞ፣ «ሆሊውድ መንገድ ላይ ያለውም ኮከብ እኮ በብዙ ሺህ ዶላር ነው የሚገባው። ቀጥዪ የኔ ልጅ» አሏት። አልተሳሳቱም፤ ለዚያ ኮከብ ያጨው ወገን ክፍያ ይከፍላል።

የእህቴ ልጅ ጠርሙሱን መልሳ ከፍ አደረገች። እናቷን፣ አባቷንና ድመቷን በአማርኛ አመሰገነች። ዘ ዊኬንድን ተወችው፤ በእሱ ቦታ አያቷን አስገባች። አርባ ሰከንድ ያህል ነው የተናገረችው። ሁለት ቦታ ላይ ቆም ብላ ቃል ፈልጋለች፤ አስተናጋጇም አንዱን አቀብላታለች።

ቪዲዮውን ላክን። አዲስ አበባ ሌሊት ስለነበር መልሱ የደረሰን ማታ ቤት ከገባን በኋላ ነው። የእህቴ ልጅ ስልኬን ነጥቃኝ መልእክቱን ራሷ ከፈተችው።

«የኔ እናት፣ አሁን ገባኝ፤ እያንዳንዷ ቃል ገባችኝ። ለመሆኑ በስንት ሸጡልሽ? አጎትሽ መከራከር አያውቅም፤ ሌላ ጊዜ እኔን ይዘሽኝ ሂጂ።»