ለዓለም ዋንጫ ለሚሄድ መንገደኛ፦ ስለ ማደሪያና ስለ ምግብ

ከቤቱ ርቆ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም የሚያድርበትና የሚበላው ነው። በዘወትር ጊዜ ሁለቱም እንደ ኪሱ መጠን ይገኙለታል። ታላቅ የስፖርት ውድድር በሚደረግበት ከተማ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከብዙ መንግሥታት የመጣ ሕዝብ በአንድ ወር ውስጥ ወደ አንድ ስፍራ ሲጎርፍ አልጋው ከእንግዳው ያንሳል፤ ዋጋውም ይወደዳል። ስለዚህ ቤተ ሰቡን ይዞ ለመሄድ የሚያስብ አባወራም ሆነ የቤቱን ወጪ የምትቈጣጠር እመቤት፣ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚያልቅ አስቀድመው ቢመረምሩ ይጠቀማሉ። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን በኳታር የተደረገውን የዓለም ዋንጫ እንመልከት።

ኳታር በባሕረ ሰላጤው ዳር ያለች ትንሽ ሀገር ናት፤ ስፋቷም 11,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውድድሩ ከኅዳር 11 ቀን እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022) ተደረገ፤ 32 ቡድኖች በ8 ስታዲዮሞች 64 ጨዋታዎች ተጫወቱ። እጅግ በተራራቁት ስታዲዮሞች መካከል ያለው ርቀት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ይህ ከአዲስ አበባ አዳማ ከሚያደርሰው መንገድ ያጥራል። ስለዚህ ተመልካቹ ቡድኑን እየተከተለ ከከተማ ወደ ከተማ መዘዋወር አላስፈለገውም፤ አንድ አልጋ ለሙሉው ውድድር ይበቃው ነበር። ነገር ግን እንግዳው ሁሉ አልጋ የሚፈልገው በዚያችው በአንዲቱ በዶሃ ከተማና በአካባቢዋ ስለ ሆነ፣ ከመንገዱ የተረፈው ገንዘብ በመኝታ ይጠፋ ነበር።

መንግሥቱም አልጋ እንዳያንስ ብሎ ልዩ ልዩ ዘዴ አዘጋጀ። ታላላቅ የመንገደኞች መርከቦች በወደቡ ላይ ቆመው እንደ ሆቴል አገለገሉ። በከተማው ዳር በሚገኙ ሜዳዎች ላይ ተገጣጣሚ ክፍሎች በብዛት ተደረደሩ፤ ከእነዚህም ለሁለት ሰው የሚሆነው ክፍል በአንድ ሌሊት 200 ዶላር ያህል ይከራይ ነበር። በደቡብ በኩል በአል ወክራ አጠገብ በተሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ግን ከ100 ዶላር በታች የሚከራይ ክፍል ይገኝ ነበር። ሌሎችም ከጎረቤት ሀገር፣ ይልቁንም ከዱባይ፣ ጠዋት በአውሮፕላን እየመጡ ጨዋታውን አይተው ማታ ይመለሱ ነበር። ደግሞም በሀገሩ የሚኖር ሰው እስከ 10 የሚደርሱ እንግዶችን በስሙ አስመዝግቦ በቤቱ እንዲያሳድር ተፈቅዶለት ነበር።

ስለ መጓጓዣ የተደረገው ዝግጅት የሚመሰገን ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሜትሮ የሚባለው የከተማ ባቡር በዘወትር ጊዜ ለአንድ ጉዞ 2 ሪያል የሚያስከፍል ሲሆን፣ በውድድሩ ወራት ሀያ የተባለውን የመግቢያ ካርድ ለያዘ ሰው ሁሉ በነጻ ሆነ። ስለዚህ ከስታዲዮሙ ርቆ ማደር ጊዜን እንጂ ገንዘብን አላስከፈለም። ባቡር በሚደርስበት ስፍራ ሁሉ ማደሪያን ከሜዳው አጠገብ ከመፈለግ ይልቅ ከባቡር ጣቢያ አጠገብ መፈለግ የተሻለ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ምግብ እንመለስ። በዶሃ ሁለት ዐይነት ገበታ አለ። አንደኛው በታላላቅ ሆቴሎችና ለእንግዶች በተዘጋጁት የመዝናኛ ስፍራዎች የሚቀርበው ሲሆን፣ በዚያ ግማሽ ሊትር ቢራ እንኳ 50 ሪያል ይሸጥ ነበር። ሁለተኛው የሀገሩ ሠራተኞች የሚመገቡበት ነው። በአል መንሱራና በነጅማ ሰፈሮች፣ ከዋናው ጎዳና ገባ ብለው የሕንዶች፣ የፓኪስታኖችና የኔፓሎች ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። በእነዚህ ቤቶች አንድ ሰው የሚያጠግብ ሩዝ ከሥጋ ወይም ከአትክልት ጋር 10 ወይም 15 ሪያል ከፍሎ ይበላል። ከራክ የሚባለው ሄል የገባበት የወተት ሻይ ከ1 እስከ 2 ሪያል ነው፤ ከትኩስ ቻፓቲ ጋር ሆኖ ቁርስ ይሆናል።

ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለ ገባ፣ ከሀገራችን ሄዶ ለነበረ ጾመኛም ገበታው አልጠበበበትም። የሕንዶች የምስር ወጥ፣ ተቀቅሎና ተደቍሶ ከሰሊጥ ጋር የሚለወሰው ሽምብራ፣ ፉልና ፈላፈል ሁሉ በየሰፈሩ አሉ፤ እነዚህም ከሥጋው ይልቅ ርካሾች ናቸው። ሆኖም ሕንዶች ምስሩን ብዙ ጊዜ በቅቤ ስለሚያቍላሉት፣ ጾመኛ ከማዘዙ በፊት መጠየቅ ይገባዋል።

አሁን ሒሳቡን እናድርግ። አንድ ዶላር በ3.64 ሪያል ይመነዘራል። ባለ 200 ዶላሩን ክፍል ሁለት ሰዎች ቢጋሩት ለያንዳንዳቸው 364 ሪያል ይደርስባቸዋል። ከላይ በተነገሩት ምግብ ቤቶች ቁርስ፣ ምሳና ራት የበላ ሰው ደግሞ በቀን ከ40 ሪያል አያልፍም። እንግዲህ ከወጪው ከዐሥሩ ዘጠኙ እጅ ለመኝታ ነው። ስለዚህ ገንዘብ አተርፋለሁ ብሎ ምሳውን የሚዘልና ልጆቹን የሚያስርብ ሰው በማይገባው ስፍራ መቈጠቡን ይወቅ። መቈጠብ የሚገባው በአልጋው ነው፤ እርሱም ክፍል በመጋራት፣ ከሜዳው ርቆ በማደርና አስቀድሞ በመከራየት ይሆናል።

ከዚህ ሒሳብ አጠገብ ሌላ ሒሳብ አለ። በኳታር ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ ለማናቸውም ሠራተኛ ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል አድርጎ ወሰነ፤ አሠሪው ማደሪያና ምግብ የማይሰጠው እንደ ሆነም ለማደሪያ 500፣ ለምግብ 300 ሪያል በየወሩ እንዲጨምርለት አዘዘ። ለምግብ የተቈረጠው 300 ሪያል በቀን 10 ሪያል ነው። እንግዳው አንድ ጊዜ ለቢራ የከፈለው ለዚህ ሠራተኛ የአምስት ቀን ቀለብ ነው፤ እንግዶቹ ለአንድ ሌሊት የተከራዩት ክፍል ዋጋም ሠራተኛው ለወር ሙሉ ማደሪያ ከሚታሰብለት ይበልጣል። ርካሹ ምሳ በዚያ ከተማ የተገኘው ለእንግዳ ታስቦ አይደለም፤ ስታዲዮሞቹን የሠሩት፣ መንገዱን የጠረጉት ሰዎች ከዚህ በላይ ለመክፈል ስለማይችሉ ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ጨዋታውን ያዩት በኢንዱስትሪው ሰፈር፣ በእስያ ከተማ የክሪኬት ሜዳ በተተከለው ታላቅ መጋረጃ ላይ ነበር።

ይህ ሕግ በሰው ቤት ለሚያገለግሉትም የወጣ ነው፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ የሀገራችን ልጆች አሉ። ነገሩ ወደ ቤታችን የሚገባው በዚህ ነው። ከእኛ ወገን ወደ ባሕረ ሰላጤ ሀገሮች የሚሄድ ሰው ከሁሉ የሚረክስ አልጋ አድርጎ የሚያስበው የዘመድ ቤት ነው። ዘመድም እንግዳውን እንቢ አይልም፤ ባህላችን አይፈቅድለትምና። ነገር ግን ያቺ እኅት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖርና ለእናቷ የምትልከውን ከምግቧ ቀንሳ የምታጠራቅም እንደ ሆነች፣ እንግዳው አልጋውን በነጻ አላገኘውም፤ ዋጋውን እርሷ ከፈለችለት እንጂ።

ስለዚህ ወደ ዘመድ ቤት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቤቱ ስንት ሰው እንደሚይዝና አከራዩ እንግዳ ይፈቅድ እንደ ሆነ ይጠይቅ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ይዞ ይሂድ፤ ይህ ስንቅ ለእርሱም ለአስተናጋጆቹም ይሆናል። የሚቆይበትን ቀን ቈርጦ ይንገር። በቆየበትም ጊዜ የገበያውን ወጪ እርሱ ይሸፍን፤ «ተዉ» ቢሉትም አይስማ። በሠራተኞቹ ምግብ ቤት የሚበላም ቢሆን በተጻፈው ዋጋ ላይ አይከራከር፤ መልሱንም ለአሳላፊው ቢተውለት የሚጎዳው ነገር የለም።

እንዲህ ያለው ምክር ለኳታር ብቻ አይደለም። የ2027 የአፍሪካ ዋንጫ በኬንያ፣ በታንዛንያና በኡጋንዳ እንዲደረግ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ተወስኗል፤ ከአዲስ አበባም በሞያሌ በኩል እስከ ናይሮቢ የሚያደርስ የአስፋልት መንገድ አለ። ከዶሃ በተለየ፣ የእነዚህ ሦስት ሀገሮች ከተሞች እጅግ የተራራቁ ስለ ሆኑ፣ ቤተ ሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ቡድኑን በየሀገሩ ከመከተል ይልቅ አንድ ከተማ መርጦ በዚያ የሚደረጉትን ጨዋታዎች ቢያይ ይሻለዋል። በዚያም ቢሆን መልካሙ ምሳ የሚገኘው የከተማው ሠራተኛ በሚበላበት ቤት ነው። ወደዚያ የሚገባ እንግዳ ገብቶ ሰላምታ ይስጥ፣ ጠግቦ ይብላ፣ ሒሳቡንም አሟልቶ ይክፈል።