ድንኳን የት ይተከል?
ከመካነ ሰላም ወደ ደንቆሮ ጫካ

አንባቢ ሆይ! ድንኳን ይዞ ጫካ ገብቶ ማደር ከፈረንጅ የተቀዳ ፈሊጥ ነው የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይመኑት። «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ «ከተመ» ከሚለው የተገኘ ነው፤ ከተመ ማለትም ሠፈረ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ጎንደር እስክትቆረቆር ድረስ ነገሥታቱ አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ነበር። የሹመት ስሞቻችን እንኳ ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በስተቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በስተግራ ይሠፍሩ ነበርና።

ዛሬ የምወስድዎ አገር፣ ማለት የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ የጥንቱ ቤተ አምሐራ ክፍል ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ በእደ ማርያም ያሠሯት አትሮንሰ ማርያም በዚሁ በአማራ ሳይንት ነው የምትገኘው። እንግዲህ በዚህ አገር ድንኳን ሲተከልና ሲነቀል የኖረው ስንት ዘመን እንደ ሆነ ይገምቱ። የዚያን ጊዜው ሠፈር ግን አንድ መጥፎ ጠባይ ነበረው፤ በዙሪያው ያለው እንጨት ሲያልቅ ተነሥቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። አዲስ አበባ እንኳ ባሕር ዛፍ ባይደርስላት ኖሮ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር። የያኔው ሰው ጫካው ቢያልቅበት ሌላ ጫካ ነበረው። እኛ ግን የለንም፤ ስለዚህ ድንኳን የት ይተከል የሚለው ጥያቄ ለእርስዎም ለእኔም ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚያደርሰው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የለጋምቦን ደጋ ሲያቋርጡ ነፋሱ ኮት ቢደርቡም አይመለስም፤ ከመካነ ሰላም ወዲያ ደግሞ አገሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ደንቆሮ ጫካ የሚገኘው ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ነው። ስሙን ሰምተው አይሣቁ፤ ከዛፎቹ መካከል ገብተው ጓደኛዎን ከሃምሳ ርምጃ ርቀት ቢጠሩት ድምፅዎ ቅጠል ውጦት ይቀራል። እኔ ስሙ ተስማምቶታል ብያለሁ።

ይህ ጫካ በ2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል መንግሥት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ያን ጊዜ ስፋቱ 4,375 ሄክታር ነበር፤ ኋላ የወረ ሂመኖን ስም ጨምሮ ሰፍቷል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር ይጀምርና እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከታች ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያም አስታና አምጃ፣ ከሁሉ በላይ ጓሳና ጅብራ ነው። ጭላዳ በገደሉ፣ የምኒልክ ድኩላ በጫካው፣ ቀይ ቀበሮ በጓሳው ይኖራል። ነብርም አለ፤ ነገር ግን እርሱ እርስዎን ያያል እንጂ እርስዎ እርሱን አያዩትም።

ሐይቅ ካላየሁ ሽርሽር አይመስለኝም የሚሉ ከሆነ ከደሴ በስተሰሜን ወደ ሐይቅ ይሂዱ፤ የእስጢፋኖስ ገዳም አለበት፤ ከበላዩም የአርዲቦ ሐይቅ አለ። እርሱ ሌላ ወሬ ነው፣ ሌላ ቀን እናወጋዋለን። ወንዝና ጫካ ለሚወድ ሰው ግን ቦታው ይኸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ እንደ ዱሮው አይደለም። ከደሴ ከመነሣትዎ በፊት ከዚያው አገር የሚመጣ ሰው ፈልገው ስለ ሰላሙ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ድንኳንዎ ሌላ ዓመት ቢጠብቅ አይበላሽም። የፓርኩን ፈቃድና ጠባቂ ሳይዙ መግባትም አይገባም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ሰው ሠፈሩን የሚመርጠው በዓይኑ ነው፤ ዓይን ደግሞ ወንዝ ዳር ይወዳል። እኔም በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ስሄድ በዓይኔ ነበር የመረጥሁት። ወደ ዋናው ወንዝ የምትወርድ አንዲት ጅረት አለች፤ በዳሯ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ሣር፣ በላይዋ የወይራ ጥላ። አብሮን የነበረው ጠባቂ «ከላይ ሜዳው ዳር እንደር» ብሎ ነበር። እኛ ግን ደክሞናል፤ ውኃውም ለቡናም ለእግርም ቅርብ ነው፤ እምቢ አልነው።

ልክ ድንኳኑን ወጥረን ስንጨርስ ባና የለበሱ አንድ ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ የወሎ ሰላምታ እንደሚያውቁት ቶሎ አያልቅም። ከብቱ፣ አዝመራው፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ድንኳኑን በዱላቸው ነካ አደረጉና፣

«ልጆቼ፣ እዚህ ልታድሩ ነው?» አሉ።

«አዎ አባባ፤ ፈቃድ አለን።»

«ከማን?»

«ከመንግሥት ነዋ!»

«ከወንዙስ?» አሉኝ።

ሣቅን። እርሳቸው ግን አልሣቁም። በዱላቸው ከጭንቅላቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ተንጠለጠለ አንድ የወይራ ቅርንጫፍ አመለከቱ። ቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ሣር፣ ጭራሮና የበቆሎ አገዳ ተጠምጥሞበታል። የወፍ ጎጆ መስሎኝ ነበር። ወፍ የበቆሎ አገዳ ምን ያደርግላታል? ያንን ያሰቀለው ጎርፍ ነው። ውኃው ባለፈው ክረምት የደረሰበትን ልክ በዚያ ጽፎ ሄዷል፤ ማንበብ ያልቻልነው እኛ ነን።

ሽማግሌው ሲሄዱ እንኳ «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው» ብለን ተከራከርን። ነገር ግን ሚያዝያ የበልግ ወር ነው፤ በእርስዎ ራስ ላይ ኮከብ ሲታይ ከተራራው ላይ ዝናብ ሊወርድ ይችላል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ጅረቷ ድምፅዋን ለወጠች። ቀድሞ ትንሿጯጯ የነበረችው ማጉረምረም ጀመረች፤ ቀጥሎ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማን። ጠባቂው እኛን በክንድ፣ ድንኳኑን በጫፉ ይዞ ወደ ዳገቱ ጎተተ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በባትሪ ብናበራ ያ ምንጣፍ የመሰለ ሣር የለም፤ ቡና የመሰለ ውኃ ብቻ ነው። አንድ ድስት፣ ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ስንቅና ጫማዬ ሄዱ። ነፍሳችን ተረፈች።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው መሬቱን ሳይሆን ቁጥቋጦውን ነው። ጎርፍ ያሰቀለው ጭራሮ ካለበት ከፍታ በላይ ካልሆንሁ አልቀመጥም። ሁለተኛ ሳማ እፈልጋለሁ፤ ልበላው አይደለም፣ ምንም እንኳ የሳማ ወጥ የሚወድ ቢኖር አልነቅፍም። ሳማ በብዛት የሚበቅለው ከብት ባደረበትና ፋንድያ በተጠራቀመበት ነው፤ ከብት ባደረበት ደግሞ ቁንጫ አይጠፋም። ሦስተኛ ቀና ብዬ ዛፉን እመለከታለሁ፤ ያረጀ ኮሶ ወይም የደረቀ ጥድ በነፋስ ሌሊት ቅርንጫፉን ሲጥል ከሥሩ ማን እንደ ተኛ አይጠይቅም።

ከገደል አፋፍ ላይ ድንኳን መትከልም የሚያስመኝ ነገር ነው። ጠዋት ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየወጡ ሣር ሲነጩ ከመኝታዎ ሆነው ማየት የማይመኝ የለም። ሆኖም በዝናብ ወራት መብረቅ የሚወደው አፋፍን ነው፤ ነፋሱም ካስማውን ነቅሎ ይወስደዋል። ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ለመኝታ ግን መቶ ርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ወደ ጉድባ ገብቼ ከነፋሱ ልጠለል የሚል ሐሳብም ይመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ይህ ስሕተት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ሌሊት እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ጉድባው ውስጥም ይጠራቀማል። ጠዋት ውርጭ ነጭ አድርጎ የሚያገኙት ጉድባውን እንጂ ዳገቱን አይደለም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ብርዱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚጨምር ከቆጠሩ፣ በዚህ አንድ ጫካ ውስጥ ከታች ያለው ሰው በሸሚዝ፣ ከላይ ያለው በሁለት ብርድ ልብስ ቢያድር አይደነቁ።

እንግዲህ የት ይሻላል ይሉኝ ይሆናል። ጠባቂው መጀመሪያ እንደር ያለን ቦታ ላይ ነው! ከጫካው ዳር፣ ከላይ በኩል፣ ግጦሹ ከእርሻው ጋር በሚገናኝበት፣ ምንጭ ለመቅዳት ሄዶ ለመመለስ አሥር ደቂቃ የሚፈጅበት ሥፍራ። ለዓይን የወንዙን ያህል አያምርም። ነገር ግን ከጎርፉ የራቀ ነው፤ ከገበሬው ቤት ቅርብ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫካው ውስጥ ሳይሆን ከጫካው ውጭ ነው። ድኩላውም ነብሩም ውኃ የሚጠጡት በዚያች ጅረት ነው፤ የመጠጫቸውን ደጅ ዘግተን ስናድር እነርሱ ተጠምተው እንደሚያድሩ ማን አሰበው?

ባለቤት የሌለው ሜዳ ግን የለም። እዚያው ቆመው «ቤቶች!» ብለው ይጣሩና ያስፈቅዱ። «መሸብኝ፣ አሳድሩኝ» ያለ እንግዳ በወሎ አይመለስም፤ እንዲያውም ችግሩ ድንኳን ውስጥ እንዲተኙ ማስፈቀዱ ነው። «ቤት እያለ ሜዳ ላይ? ነውር አይደለም ወይ?» ይሉዎታል። ይህን ክርክር ለመርታት አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን መጠጣት ያስፈልጋል፤ እኔ አንድም ቀን ከዚያ ባነሰ ረትቼ አላውቅም።

ውኃውን ከምንጭም ቢቀዱት ያፍሉት። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ሦስት ደቂቃ ሲንተከተክ ይተዉት። በዚሁ ምክንያት የባቄላ ንፍሮ ይዘው ከሄዱ እራት ለቁርስ ይደርሳል፤ ሽሮ ይሻላል። ዕቃ ለማጠብም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ከውኃው ቢያንስ 70 ርምጃ ይራቁ፤ ከታች የሚቀዱት እናቶች አሉ።

እሳቱን በተመለከተ እለምንዎታለሁ። አስታ ሲነድ ደስ ይላል፤ ፍሙም ሌሊቱን ያድራል። ነገር ግን እርስዎ በአንድ ምሽት የሚያነዱት አስታ እዚያ ብርድ ላይ እስኪያድግ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። የላምባ ምድጃ ወይም ቡታጋዝ ይዘው ይሂዱ፤ በቅሎ ከተከራዩ ሸክሙ ምንም አይደለም። የመኳንንቱን ሠፈር ያስነሣው ምን እንደ ነበር ከላይ ነግሬዎታለሁ።

ውሻዎንም እቤት ይተዉት። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀረው ከ500 አይበልጥም ይባላል፤ በዚህ ደጋ ያሉት ደግሞ ጥቂት ናቸው። ከሚፈጇቸው ነገሮች ዋነኛው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በተለይም የእብደት በሽታ። አንድ የታመመ ውሻ በአንድ ወራት ሙሉ ቤተሰብ ሊያጠፋ ይችላል። ጌታውን የሚጠብቅ ውሻ ካስፈለገዎ ጠባቂው ይበቃዎታል።

ጅብ ሌሊት መጥቶ ይጮኻል፤ ሰው በድንኳን ውስጥ ተሰብስቦ ካለ ብዙም አይዳፈርም። ሥጋውንና ቆዳውን ግን ውጭ አይተዉ፤ ጠፍር፣ ኮርቻ፣ ጫማ ሁሉ ለእርሱ ምግብ ነው። በቅሎዋንም ከገበሬው በረት ያሳድሯት።

ያን ጊዜ ጎርፉ ከወሰደን በኋላ ሁለት ቀን ያደርነው በሽማግሌው ግቢ አጠገብ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ እረኛ ልጅ የግራ እግር ጫማዬን ከወንዙ ታች አግኝቶ፣ አሸዋውን አራግፎ አመጣልኝ። ደስ ብሎኝ እንዲደርቅ ድንኳኑ ደጅ ላይ ሰቀልሁት። ጠዋት ስነሣ ማሰሪያው ብቻ ቀርቷል። ሽማግሌው ወጥተው ማሰሪያውን አዩ፤ አሁንም አልሣቁም። «ይህንንስ ከጅቡ አስፈቅደህ ነበር?» አሉና ወደ ፍየሎቻቸው ሄዱ።