ሽለላና የሩቁ ጩኸት

በሶፊ ወረዳ ለረጅም ዘመን ያስተማሩ አንድ መምህር ከአልጋቸው አጠገብ የካሴት ሣጥን አላቸው። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን፣ የአሊ ቢራ ዜማ፣ የማህሙድ አህመድ ድምፅ በተራ ተደርድረውበታል። ከዚያ ሣጥን ውጭ ያለ ሙዚቃ ለእርሳቸው ሙዚቃ አልነበረም።

በአሜሪካ፣ በዋሺንግተን ከተማ የሚኖረው ልጃቸው አዳዲስ ባንዶችን ፈልጎ የማዳመጥ ፍቅር አለው። በተለይ የሚወደው ሃርድኮር ፓንክ የሚባለውን፣ አጭር፣ እጅግ ፈጣንና በጩኸት የሚቀነቀን ሙዚቃ ነው። አንድ ቀን ከሚወዳቸው አንዱን በስልክ ላከላቸው። አባት ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይታገሡ፣ «ይህ ጩኸት እንጂ ዜማ አይደለም» ሲሉ መለሱለት። ልጁ አልተከራከረም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ መላኩን ተወ፤ ይደውልበት የነበረውም ጊዜ እየራቀ ሄደ።

መምህሩን ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ ከበዳቸው። ስለዚህ ልጁ ከሙዚቃው ጋር የላከውን የካሴት ሽፋን ሥዕል አውጥተው ተመለከቱት። ባንዱ ባድ ብሬንስ ይባላል። በዋሺንግተን ጥቁር ወጣቶች የተመሠረተ፣ በጃዝ ጀምሮ ወደ ፓንክ የተሻገረ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያ አልበሙን በካሴት ያወጣ ነው። ቀለሞቹ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ናቸው። ሙዚቀኞቹ የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታዮች ስለ ነበሩ፣ በፈጣኖቹ ዘፈኖች መካከል ረጋ ያለ ሬጌ ያስገባሉ። የእምነቱ ስም የተወሰደው በ1884 ዓ.ም. በሐረር አቅራቢያ በኤጀርሳ ጎሮ ከተወለዱትና በ1902 ዓ.ም. ሐረርን እንዲገዙ ከተሾሙት ተፈሪ መኰንን ነው። መምህሩ በጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ደጃፍ ስንት ጊዜ አልፈዋል! ያ ስም ግን የት ድረስ ተጉዞ እንደ ነበር አስበው አያውቁም።

እንደ ገና አዳመጡ፤ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው። ያን ጊዜ ሽለላ ትዝ አላቸው። ሽለላ ለሰሚው ጆሮ እንዲጣፍጥ ተብሎ አይሸለልም፤ ወኔ ለመቀስቀስ ነው። ድምፁ ካልሻከረ ልብ አያነሣሣም።

ይህን ዝምድና ቀደም ብለው ያስተዋሉ ነበሩ። ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን አሸጋግረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በሆላንድ የተመሠረተው ዘ ኤክስ የተባለ የፓንክ ባንድ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ ተጫወተ፤ በኋላም ከእኚሁ አንጋፋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ከፓንክ ጊታሮች መካከል ቆመው ሲነፉ ሽለላቸውን አልለወጡም፤ ጊታሮቹም አልለዘቡም። አዲስ ነገር መስማት የራስን መጣል እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

መምህሩ ከሣጥናቸው የጌታቸውን ካሴት አውጥተው አጫወቱ፤ ድምፁንም በስልክ ቀድተው ለልጃቸው ላኩለት። መልሱ በዚያው ሌሊት ደረሰ። «አባዬ፣ ይህን እስከ ዛሬ ለምን ደበቅህብኝ?»

አልደበቁትም ነበር፤ አስሰምተውት ግን አያውቁም። ይህን ለመጻፍ ጀምረው ተዉትና፣ «ቀጥሎ የትኛውን ባንድ ልስማ?» ብለው ጠየቁት።